«ሴተኛ አዳሪ ባይኖር ኖሮ መደፈር ይበዛ ነበር» የሚባለው እውነት ነው?

ጠያቂው፦

ሰላም ለሁላችሁ። «ሴተኛ አዳሪዎች ባይኖሩ ኖሮ እናቶቻችንና እህቶቻችን በሰላም ወጥተው አይገቡም ነበር» ሲባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። የተማረውም ያልተማረውም ይለዋል። ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም፤ ለሴቶቹ ያዘነ መስሎት የሚናገረውም አለ። እኔን የሚከነክነኝ ከጀርባው ያለው ሐሳብ ነው። የወንድ ፍላጎት እንደ ጎርፍ ነው፣ መውረጃ ካልተበጀለት ያገኘውን ይጠርጋል፣ ስለዚህ ጥቂት ሴቶች ይቀበሉት እንደማለት ነው።

መጠየቅ የምፈልገው ይህን ነው። አባባሉን የሚደግፍ ወይም የሚያፈርስ ጥናት አለ ወይ? በሥራው ላይ ያሉት ሴቶች ራሳቸው ሲደፈሩ ነገሩ እንዴት ነው የሚፈጠረው፣ ምንስ ይቀንሰዋል? ሕጉስ የተለያየ ቦታ ላይ ምን ሠራ፣ ምን አበላሸ? ጉዳዩን በቅርብ የምታውቁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ለመግባባት እንዲያመቸን ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ጻፉልኝ።


ታሪክ_ወዳድ፦

አባባሉ ዕድሜው ረጅም ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ በ4ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ሴተኛ አዳሪዎች ከተወገዱ ፍትወት ሁሉንም ያውካል ብሎ ጽፎ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ብዙ የአውሮፓ ከተሞች ይህን ሐሳብ ይዘው በማዘጋጃ ቤት ሥር የሚተዳደሩ የሴተኛ አዳሪ ቤቶችን ከፈቱ። ዓላማቸው በግልጽ የተነገረ ነው፤ «ጨዋ» ሴቶችን መጠበቅ።

ተሳካላቸው ወይ? ፈረንሣዊው የታሪክ ተመራማሪ ዣክ ሮሲዮ የዲዦንን የ15ኛ መቶ ዘመን የፍርድ መዛግብት አገላብጦ ያገኘው ተቃራኒውን ነው። ከተማዋ ሕዝባዊ ቤት ነበራት፤ ዋጋውም ለተራ ሠራተኛ የማይከብድ ነበር። እንዲያም ሆኖ ወጣት ወንዶች በቡድን ሆነው በሌሊት በር ሰብረው እየገቡ ሴት መድፈራቸው በከተማዋ የተለመደ ወንጀል ነበር። ተጠቂዎቹ በብዛት የቤት አገልጋዮች፣ ባል የሞተባቸው፣ ባላቸው ራቅ ብሎ የሄደባቸው፣ የሚሟገትላቸው ወገን የሌላቸው ድሆች ናቸው። ደፋሪዎቹም በር ላይ ቆመው ሴትየዋን «ሸርሙጣ» እያሉ ይጮኹ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ቤቱ መኖሩ መደፈርን አላስቀረም። «ሊነኳት የሚፈቀድ ሴት» የሚባል ጎራ መፈጠሩ ግን ለደፋሪው ምክንያት አቀበለው፤ የፈለጋትን ሴት በስድብ ብቻ ወደዚያ ጎራ ያስገባታል።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ የከፋ ነው። የጃፓን ጦር በ1932 በሻንጋይ የጀመራቸውን፣ ከ1937 የናንጂንግ ጭፍጨፋ በኋላ ደግሞ እጅግ ያስፋፋቸውን «የማጽናኛ ጣቢያዎች» ለማቋቋም ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ወታደሮቹ የአካባቢውን ሴቶች እንዳይደፍሩ የሚል ነበር። በጦርነቱ ሜዳ መደፈሩ አልቆመም። ጣቢያዎቹ ደግሞ ተታለውና ተገደው የተወሰዱ ሴቶች በየቀኑ የሚደፈሩባቸው ቦታዎች ሆኑ። ጃፓን በነሐሴ 1945 ስትሸነፍም ባለሥልጣናቷ ለወራሪው ጦር ወታደሮች ተመሳሳይ ተቋም አቋቁመው ነበር፤ ምክንያቱ ያው «የቀሩትን ሴቶች ለመጠበቅ» ነው። በሽታው ስለተስፋፋ በወራት ውስጥ፣ በ1946 መጀመሪያ ላይ ለወታደሮቹ ተዘጋ።


አኃዝ፦

ታሪክ_ወዳድ መሠረቱን ጥሎልናል፤ እኔ ስለ ቁጥሩ ልናገር።

«ማውጫ ያጣ ወንድ ይደፍራል» የሚለው ግምት ትክክል ቢሆን ኖሮ፣ አብዛኛው ደፋሪ ከሴት ጋር የመተኛት ዕድል የሌለው ወንድ በሆነ ነበር። መረጃው እንዲህ አይልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ግምት ከሦስት ሴቶች አንዷ ገደማ በሕይወት ዘመኗ ከባሏ ወይም ከፍቅር ጓደኛዋ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት፣ ካልሆነም ከሌላ ሰው ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባታል። ባል ወይም የፍቅር ጓደኛ ያልሆነ ሰው ወሲባዊ ጥቃት ያደረሰባቸው ለብቻ ሲቆጠሩ ግን 6 በመቶ ገደማ ናቸው። ይህኛው ቁጥር ሴቶች በኃፍረት ስለሚደብቁት ዝቅ ብሎ የታየ መሆኑ ይታወቃል፤ ቢሆንም ትልቁ ድርሻ ያለው ቤት ውስጥ፣ አንድ አልጋ በሚጋራ ሰው እጅ ነው።

በ2013 የታተመውና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የተመራው ጥናት ደግሞ ወንዶቹን ራሳቸውን ጠየቀ። በባንግላዴሽ፣ በካምቦዲያ፣ በቻይና፣ በኢንዶኔዥያ፣ በፓፑዋ ኒው ጊኒና በስሪ ላንካ ከ10,000 በላይ ወንዶች ተጠየቁ። መጠይቁ «ደፍረህ ታውቃለህ?» አይልም፤ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ መጠይቅ መልስ አያገኝም። «ሳትፈልግ አስገድደሃት ታውቃለህ?»፣ «ሰክራ ፈቃዷን መስጠት በማትችልበት ሰዓት አድርገሃል?» እያለ ድርጊቱን ነው የሚዘረዝረው። አድርገናል ካሉት ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሰጡት ምክንያት፣ ባጭሩ፣ «ስለፈለግኩ መብቴ ነው» የሚል ነው። የመሰላቸትና የቁጣ ምክንያቶችም አሉ፤ ሁለቱም ከዚህ ያነሱ ናቸው።

በዚሁ ጥናት ውስጥ ለወሲብ ገንዘብ ወይም ስጦታ የሰጡ ወንዶች ካልሰጡት ይልቅ ደፍረናል የማለት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ይህ ብቻውን «መግዛት ደፋሪ ያደርጋል» ለማለት አያበቃም፤ ሁለቱንም የሚያመጣ ሌላ ሥር ሊኖር ይችላል። «የሚገዛ ወንድ አይደፍርም» የሚለውን ግን ውድቅ ያደርገዋል።


ጠያቂው፦

አኃዝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን በአሜሪካ አንድ ግዛት ሕጉ ሲላላ መደፈር ቀነሰ የሚል ጥናት እንዳለ አንብቤአለሁ። እሱስ አባባሉን አይደግፍም?


አኃዝ፦

ያነበብከው ስለ ሮድ አይላንድ ነው። የግዛቷ ሕግ በ1980 ሲሻሻል ቤት ውስጥ የሚካሄደው የወሲብ ንግድ ሳይታሰብ ከቅጣት ውጭ ሆኖ ቀረ። ነገሩ በግልጽ የታወቀው በ2003 በፍርድ ቤት ውሳኔ ሲሆን፣ በ2009 እንደገና ወንጀል ሆነ። ስኮት ካኒንግሃምና ማኒሻ ሻህ እነዚያን ስድስት ዓመታት ሲመረምሩ ለፖሊስ የቀረቡ የመደፈር ክሶች 30 በመቶ ገደማ፣ በሴቶች ላይ የሚታየው ጨብጥ ደግሞ 40 በመቶ ገደማ መቀነሱን አገኙ።

የኔዘርላንዱ ጥናት ከዚህ ጋር ይነበብ። በዚያ ዘጠኝ ከተሞች ለጎዳና ላይ ንግድ የተለየ ክልል ከፍተው ነበር። በ25ቱ ትልልቅ ከተሞች ከ1994 እስከ 2011 ያለው መረጃ ሲታይ፣ ክልሉ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተመዘገበው መደፈርና ወሲባዊ ጥቃት ከ30 እስከ 40 በመቶ ወርዷል።

አሁን ጥያቄው የማን መደፈር ነው የቀነሰው የሚለው ነው። የጎርፉን ሐሳብ የሚወዱት «ደፋሪው ወደዚያ ሄዶ ፍላጎቱን ስላወጣ ሌላዋ ሴት ዳነች» ብለው ያነቡታል። ቁጥሩ ግን የሁሉም ሴቶች ድምር ነው፤ በንግዱ ውስጥ ያሉትም ተደምረውበታል። ሴቲቱ ከጨለማ ጎዳና ወደ ቤት ከገባች፣ ባልደረባ አጠገቧ ካለ፣ ፖሊስ ያስረኛል ብላ ካልፈራች፣ እሷ ራሷ የምትደፈርበት አጋጣሚ ይቀንሳል፤ ድምሩም ይወርዳል። ሁለቱም ማብራሪያዎች ከአንድ ቁጥር ሊወጡ ይችላሉ። የኔዘርላንዱ ጥናት ፍንጭ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላም ውጤቱ የዘለቀው ፈቃድ በሚሰጥባቸው ክልሎች ነው። ወሳኙ የወንዶች ፍላጎት መውጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ የፈቃድ ሥርዓት መኖር አለመኖሩ ይህን ያህል ለውጥ ባላመጣ ነበር።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። አገርን ከአገር በመደፈር ቁጥር ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው። ስዊድን በ2005 የመደፈርን ትርጉም አስፋች፣ በ2013 ደገመች፣ በ2018 ደግሞ ፈቃድን መሠረት ያደረገ ሕግ አወጣች፤ ቆጠራዋም አንድ ባል ሚስቱን ለወራት በተደጋጋሚ ከደፈረ እያንዳንዱን ለብቻው ይመዘግባል። ሌላ አገር አንድ ብሎ ይቆጥረዋል። የአሜሪካ ፌዴራል ስታቲስቲክስም እስከ 2013 ድረስ በኃይል የተፈጸመና በሴት ላይ የሆነውን ብቻ ነበር መደፈር የሚለው። ስለዚህ «ስዊድን ገዢን ስለቀጣች መደፈር በዛ» የሚልም፣ «ኔቫዳ ፈቅዳ መደፈር በዛ» የሚልም አንድ ዓይነት ስህተት ነው የሚሠራው። የኔቫዳው ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለበት፤ ፈቃድ ያላቸው ቤቶች የሚገኙት በገጠር አውራጃዎች ሲሆን በላስ ቬጋስ ንግዱ የተከለከለ ነው።


መስክ_ሠራተኛ፦

ጠያቂው የጠየቅከው ሁለተኛው ነገር ላይ ልግባ፤ ውይይቱ ሁልጊዜ የሚዘለው እሱን ነውና። ከስምምነት እስከ ጥቃት ያለው ሰንሰለት ይህን ይመስላል።

ጎዳና ላይ ደንበኛ ሲቆም ሴቲቱ መኪና ውስጥ ሳትገባ የምታጣራቸው ነገሮች አሉ። ስንት ሰው ነው ያለው፣ የኋላ ወንበር ላይ የተጋደመ አለ ወይ፣ ሰክሯል ወይ፣ የበሩ መክፈቻ ከውስጥ ይሠራል ወይ? ከዚያ ውሉ ይመጣል፦ ምን ይደረጋል፣ ምን አይደረግም፣ ኮንዶም፣ ዋጋ፣ ቦታ፣ ሰዓት። ገንዘቡ በቅድሚያ። ባልደረባዋ ታርጋውን ትጽፋለች፤ ደንበኛውም ሲጻፍ እንዲያይ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል።

ፖሊስ በአካባቢው አፈሳ ሲጀምር መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ደቂቃ ነው። ገዢው ስለሚፈራ «ግቢ፣ ግቢ» ይላል፤ እሷም ስለምትፈራ ትገባለች። ውሉ የሚደረገው መኪናው እየሄደ፣ እሱ በመረጠው ጭር ያለ ቦታ ላይ ነው። ባልደረቦቿም ተበትነዋል። ጥቃቱ የሚፈጸመው በአብዛኛው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው፦ «ኮንዶም አልፈልግም»፣ «ያልተስማማንበትን አድርጊ»፣ «ገንዘቤን መልሺ»፣ ሁለተኛ ሰው ከተደበቀበት ሲወጣ።

ይህን የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 በቤድፎርድ ጉዳይ በሰፊው መርምሮታል። በአደባባይ መደራደርን የሚከለክለው ድንጋጌ ሴቶቹ ደንበኛ እንዳያጣሩ ስላደረገ፣ ቤት ውስጥ መሥራትንና ጠባቂ መቅጠርን ከሚከለክሉት ሁለት ድንጋጌዎች ጋር ሻረው። በ2018 የታተመና የ33 አገሮችን ጥናቶች የሰበሰበ ግምገማም፣ እስርና ጉቦ የመሳሰለ የፖሊስ ጫና የደረሰባቸው ካልደረሰባቸው ይልቅ ወሲባዊ ወይም አካላዊ ጥቃት የመድረስ ዕድላቸው በሦስት እጥፍ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ጥቃቱን የሚፈጽመው ደግሞ ደንበኛ ብቻ አይደለም፤ ፖሊሱ ራሱ፣ ደላላው፣ የቤቱ ባለቤት፣ የፍቅር ጓደኛዋም ናቸው።

የቦታ ንድፍ ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማየት የኮሎኝን ምሳሌ ውሰዱ። ጀርመኖቹ በ2001 ለጎዳና ላይ ንግድ የከለሉት ቦታ መኪና የሚቆምባቸው የተከፈሉ ጋጣዎች አሉት። ጋጣው ጠባብ ሆኖ የተሠራው በሹፌሩ በኩል ነው፤ በሩን ግድግዳው ስለሚይዘው ሹፌሩ ከፍቶ መውጣት አይችልም። በተሳፋሪዋ በኩል ግን ቦታው ሰፊ ነው፤ በሩ ይከፈታል፣ ግድግዳው ላይ የአደጋ ጥሪ ቁልፍ አለ፣ መውጫም አለ። ወንዱ በመኪናው፣ በበሩና በቦታው ላይ የነበረውን የበላይነት ሁሉ በጥቂት ሜትር ግንብ ገልብጠውታል። ዙሪክ በ2013 ተመሳሳይ ሠርታለች።

በስልክና በኢንተርኔት የሚሠሩት ማጣሪያቸው ሌላ ነው፤ ስልክ ቁጥር፣ ቀድሞ ያገኘችው ሰው ምስክርነት፣ የአስቸጋሪ ደንበኞች ዝርዝር። አሜሪካ በ2018 የማስታወቂያ ድረ ገጾችን በሚመለከት ያወጣችው ሕግና የአንድ ትልቅ ድረ ገጽ መዘጋት ዝርዝሩንም አብሮ ወሰደው። ዝርዝር የምታዘጋጁ ካላችሁ የሚጻፈው ይህ ነው፦ ቀንና ሰዓት፣ ቦታ፣ ቁመናና አነጋገር፣ መኪና፣ ስልክ ቁጥር፣ ምን እንዳደረገ በሷው ቃል። የሴቲቱ ስም አይጻፍ። የገዢው ሙሉ ስምም በይፋ አይለጠፍ፤ ስም ማጥፋት ተብሎ ዝርዝሩን ያዘጋል፣ ከተሳሳተም ንጹሕ ሰው ይጎዳል።


ገዢውን_ጠይቁ፦

መስክ_ሠራተኛ የጻፍከው እውነት ነው፤ አከብረዋለሁም። ግን ግድግዳ ገንብቶ የአደጋ ቁልፍ መለጠፍ ምን እየተቀበልን እንደሆነ ይነግረናል። የአደጋ ቁልፍ ያስፈለገው ገዢው አደጋ ስለሆነ ነው። አንዲት ሴት ቤት ኪራይ ደርሶባት፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ደላላ እየጠበቃት «እሺ» ብትል ገንዘቡ ራሱ አስገዳጅ አይደለም ወይ?

በቦስተን 101 ገዢዎችንና 101 ያልገዙ ወንዶችን ያነጻጸረ በ2015 የታተመ ጥናት አለ። ገዢዎቹ ለሴቶቹ ያላቸው ርኅራኄ ያነሰ ነበር፤ በራሳቸው አንደበት በማስገደድ የፈጸሙት ድርጊትም የበዛ ነበር። ስዊድን ቀደም ብላ በ1999 መሸጥን ሳይሆን መግዛትን ወንጀል ያደረገችው ችግሩ ገዢው ነው በሚል እሳቤ ነው፤ ኖርዌይና አይስላንድ በ2009፣ ፈረንሣይ በ2016፣ አየርላንድ በ2017 ተከተሏት። እስከ 150 አገሮችን ያየ የ2013 ጥናትም ንግዱ ሕጋዊ በሆነባቸው አገሮች የሚመዘገበው የሰዎች ንግድ እንደሚበዛ አሳይቷል። ገበያ ሲሰፋ አቅርቦት ይፈለጋል፤ ፈቅዳ የምትመጣ ሴት ካነሰች የምትገደድ ትመጣለች።


አኃዝ፦

የቦስተኑ ጥናት ያለው አንተ እንዳልከው ነው፤ ንጽጽሩ ግን በከተማው ፈቃደኛ ሆነው በመጡ ጥቂት ሰዎች መካከል ነው። የ2013ቱ የሰዎች ንግድ ጥናት ላይ ግን ጠንቀቅ በል። መነሻው በየአገሩ ሪፖርት የተደረገ ብዛት ነው፤ ፖሊሱ የሚቆጥርበት፣ ጋዜጠኛው የሚጽፍበት አገር ከፍ ብሎ ይታያል። ጸሐፊዎቹም መረጃው ደካማ መሆኑን ጽፈዋል። ሙሉ በሙሉ አትጣለው፤ ብቻውን ግን ሕግ አይሠራበትም።


ሕግ_ነክ፦

ሁለቱም ወገን የሚስማማበት አንድ ነጥብ አለ፤ ተከፍሏት የነበረች ሴት ልትደፈር ትችላለች። ይህ ግልጽ ይመስላል፤ ፍርድ ቤት ውስጥ ግን ግልጽ ሆኖ አያውቅም። በ2007 በፊላደልፊያ በመሣሪያ አስፈራርተው በቡድን የደፈሯት ሴት ጉዳይ ሲቀርብ፣ አንዲት ዳኛ የመደፈሩን ክስ ጥለው ነገሩን «የአገልግሎት ስርቆት» አደረጉት። ጠበቆች በብዙ ተቃወሙ፤ ያ አስተሳሰብ ግን የአንድ ዳኛ ብቻ አልነበረም።

ፈቃድን በሕግ የምንለካበት መንገድ ይህ ነው። ፈቃድ ለድርጊት እንጂ ለሰው አይሰጥም፤ በቅድመ ሁኔታ ይሰጣል፤ በማንኛውም ሰከንድ ይነሳል። ገንዘብ መቀበሏ የሚፈጥረው ቢበዛ የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ አገልግሎቱን አቋርጣ ከሆነ «መልሺ» ሊላት ይችል ይሆናል፣ አካሏን ግን አይወስድም። የኒው ዚላንድ የ2003 ሕግ ይህንኑ በቁም ነገር ጽፎታል፤ ውል ቢኖርም ሴቲቱ በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት ትችላለች፣ ውሉም የፈቃድ ምትክ አይሆንም።

ጽሑፉ ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በ2014 አንዲት ሠራተኛ የቤቱን ኃላፊ በወሲባዊ ትንኮሳ ከስሳ 25,000 የኒው ዚላንድ ዶላር ካሳ አገኘች። በ2021 ደግሞ ሠራተኛዋ ሳታውቅ ኮንዶሙን ያወለቀ ደንበኛ በመድፈር ወንጀል ተፈርዶበት ታሰረ። ሴቲቱ ወዲያውኑ አውቃ ማመልከት የቻለችው ማመልከቷ እሷን የሚያሳስር ስላልነበረ ነው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2022 «በኮንዶም ብቻ» የተባለ ፈቃድ ያለ ኮንዶም ለተፈጸመው ድርጊት ፈቃድ አይደለም ብሏል።

አለመክፈል ላይ ግን ሕጎች ይለያያሉ። የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1995 በሊንከር ጉዳይ፣ ከመጀመሪያው ላለመክፈል አስቦ የገባው ሰው ደፋሪ አይደለም አለ፤ ማታለሉ በድርጊቱ ባሕርይ ላይ አይደለም ብሎ። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግን በ2022 ባወጣችው ሕግ በክፍያ ተታላ የተሰጠውን ፈቃድ ፈቃድ እንዳልሆነ ደነገገች። እኔ የቪክቶሪያውን እመርጣለሁ፤ ክፍያው የውሉ ልብ ነውና።

ገዢውን_ጠይቁ፣ የኒው ዚላንዱንም ጉድለት ልናገር፤ አንተን የሚደግፍ ነው። ሕጉ በጊዜያዊ ቪዛ ያሉትን ከሥራው ይከለክላል። ስለዚህ የውጭ ዜጋዋ ብትደፈር ማመልከት ማለት ለስደት ጉዳይ ቢሮ ራስን ማጋለጥ ነው፤ ደንበኛውም ይህን ያውቃል። የጀርመን የ2017 ሕግም ጥሩ ነገር ይዟል፤ ክፍሎቹ የአደጋ ጥሪ እንዲኖራቸው፣ በሮች ከውስጥ ሁልጊዜ እንዲከፈቱ ያስገድዳል። ግን ሴቶቹ እንዲመዘገቡ ስለሚያዝ በ2019 መጨረሻ የተመዘገቡት 40,000 ገደማ ብቻ ነበሩ። ስሟ በመንግሥት መዝገብ እንዲኖር የማትፈልግ ሴት ጥበቃውም አያገኛትም። ቤልጂየም ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ የሥራ ውልን ስትፈቅድ ደንበኛን ወይም አንድን ድርጊት እምቢ ማለት ለስንብት ምክንያት እንዳይሆን ጽፋለች። በስድስት ወር ውስጥ ከ10 ጊዜ በላይ እምቢ ካለች ግን አሠሪው ወይም እሷ ራሷ የመንግሥት አስታራቂ ሊጠሩ ይችላሉ። ያ «10» ለምን እንዳስፈለገ ለእኔ አልገባኝም፤ በመብት ላይ ቁጥር ሲለጠፍ አሠሪው መቁጠር ይጀምራል።


ነርሷ፦

ሕግ_ነክ የጻፉት ፍርድ ቤት የሚደርሰው መጀመሪያ ክሊኒክ በትክክል ከተሠራ ነው። የተጎዳች ሴት ልትመጣ ስለምትችል ወይም ባልደረባዋን ይዛ የምትመጣ ስለምትኖር በዝርዝር ላስቀምጥ።

ጊዜ ዋነኛው ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል፣ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ብዙዎች የሚያቋርጡት በማቅለሽለሽ ምክንያት ነው፤ ከምግብ ጋር መውሰድና የማቅለሽለሽ መድኃኒት መስጠት ይረዳል። እርግዝናን ለመከላከል ሌቮኖርጀስትሬል የተባለው እንክብል 1.5 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ፣ እስከ 72 ሰዓት ጥሩ ይሠራል፣ ከዚያ እየደከመ ይሄዳል። ሌላው እንክብል ዩሊፕሪስታል 30 ሚሊ ግራም እስከ 120 ሰዓት ይሠራል። የመዳብ ሉፕ ካለ እስከ አምስት ቀን ሊገባ ይችላል፣ ከሁሉም አስተማማኙ እሱ ነው። ለጨብጥ፣ ለክላሚዲያና ለትሪኮሞናስ የመከላከያ ሕክምና፣ ለሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ክትባት ይሰጣል። «ለሴተኛ አዳሪ ምን ያስፈልጋታል፣ ለምዳዋለች» የሚል ባለሙያ ከገጠማችሁ ሌላ ክፍል ጠይቁ። ሥራዋ ለመድኃኒቱ መከልከያ ሊሆን አይችልም።

ማስረጃ ላይ የሚበላሸው ነገር ብዙ ነው። ከምርመራ በፊት ባትታጠብ፣ ባትሸና ቢቻል፣ ልብሷን ባትቀይር ይመረጣል። ታጥባ ብትመጣም ግን ምርመራው ይደረግ፤ የተረፈ ይኖራል። ልብሱ በወረቀት ቦርሳ ይገባል፣ እያንዳንዱ ለብቻው። ፕላስቲክ እርጥበት ይይዛል፣ ይሻግታል፣ ዲኤንኤውም ይበላሻል። እርጥብ ከሆነ መጀመሪያ በአየር ይድረቅ። መጠጥ ውስጥ ነገር ተጨምሮባት ከሆነ የመጀመሪያው ሽንት ይያዝ፤ ጂ ኤች ቢ የተባለው አደንዛዥ ከ12 ሰዓት ገደማ በኋላ በሽንት አይገኝም።

በንግዱ ላሉ ሴቶች ልዩ የሆነው ነገር ይህ ነው፦ ከናሙናው ከአንድ በላይ ሰው ዲኤንኤ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ከዚህ በፊት በአምስት ቀን ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር ያለ ኮንዶም ግንኙነት ነበር?» ብለን እንጠይቃለን፤ ለምን እንደምንጠይቅ ካስረዳናት ትናገራለች። ካላስረዳናት ወቀሳ መስሎ ስለሚሰማት ትደብቃለች፣ ላቦራቶሪው ሁለተኛ ሰው ሲያገኝም ተከላካይ ጠበቃው «ዋሽታለች» ይላል። የደንበኞች ቁጥርና ስም ግን አይጠየቅም፤ ለምርመራው አይጠቅምም።

ሌላው ስህተት የብልት ጉዳት ካልታየ «ምልክት የለም» ብሎ መጻፍ ነው። ከተደፈሩት ብዙዎቹ ላይ ጉዳት አይታይም። ማስታወሻው «በምርመራው ወቅት ጉዳት አልታየም፤ ይህ መደፈሩን አያስቀርም» መባል አለበት። የሰውነት መበለዝ ደግሞ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይበልጥ ይታያል፤ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጎ ፎቶ ማንሳትና በማግሥቱ መድገም ያስፈልጋል።


ጠያቂው፦

ነርሷ፣ እግዜር ይስጥሽ። ፖሊስ ጣቢያስ? ቃሏን ሲቀበሉ ምን ይጠየቃል?


ሕግ_ነክ፦

ቅደም ተከተሉ ነው ጉዳዩን የሚያድነው ወይም የሚገድለው። «ተከፍሎሽ ነበር?» ብሎ የሚጀምር መርማሪ በመጀመሪያው መስመር ላይ ክርክሩን ለተከላካዩ ሰጥቶታል፤ ወንጀለኛ ናት የሚል ስሜትም ይፈጥርባታል። የሚጀመረው «ከመጀመሪያው ጀምረሽ የሆነውን ንገሪኝ» በሚል ክፍት ጥያቄ ነው። ያለ ማቋረጥ ይደመጣል። ከዚያ ሦስት ነጥቦች ይጣራሉ፦ ምን ላይ ተስማምተው ነበር፣ ያልተስማማችበት ምን ተደረገ፣ እምቢታዋን በምን ገለጸች። እምቢታ ማለት ጩኸት ብቻ አይደለም፤ መደንዘዝ፣ መገላመጥ፣ «ኮንዶም» ብሎ መድገምም ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ መልእክት ከሆነ ወርቅ ነው፦ «ኮንዶም ግዴታ ነው»፣ «ይህን አላደርግም» ብላ የጻፈችው መልእክት ስክሪንሹት ብቻ ሳይሆን ስልኩ ራሱ ሳይደመሰስ ይጠበቅ።

ክፍያው የሚጠየቀው በመጨረሻ ነው፤ የሚጠየቀውም ገንዘቡ ማስረጃ ሊሆን ስለሚችል ነው። የጣት አሻራ ያለበት ብር፣ የባንክ ዝውውር፣ የስልክ ክፍያ ማንነቱን ያሳያል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መርማሪው ስለ ሥራዋ እንደማትከሰስ በግልጽ ሊነግራት ይገባል። ይህን ቃል የመስጠት ሥልጣን ከሌለው ዐቃቤ ሕጉን ይጠይቅና ይምጣ። የእንግሊዙ መርሲሳይድ ፖሊስ በ2006 በሴተኛ አዳሪዎች ላይ የሚፈጸም ወንጀልን ከጥላቻ ወንጀል ጋር ሲመድብ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ይኸው ነበር፤ ሴቶቹ ሲያመለክቱ መጀመሪያ የሚሰሙት «ምን ሆንሽ?» የሚለውን ነው።


መስክ_ሠራተኛ፦

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሕግ_ነክ ስለ አሻራ ስላነሱ። ደንበኛው የነካው ብር ለምግብ ወይም ለታክሲ ወዲያው ይጠፋል፤ ብዙውን ጊዜ በእጇ ያለው ያ ብቻ ነውና። ማስረጃ ሆኖ እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ የዚያን ቀን መጠጊያና መጓጓዣ የሚሸፍን ሌላ ገንዘብ ስጧት። ብሩን በመሃል ሳትይዙ ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ በፖስታ አስገቡ፤ ከፖስታው ላይ ቀንና ሰዓት ጻፉ፣ የሰጠችው እሷም የተቀበለውም ሰው ይፈርሙበት።